የሦስት ሳምንቱ ሰውዬ

ጥር 8

ዛሬ አርባ አንድ እንግዳ መዘገብኩ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ማንን ሊያገኝ እንደመጣ፣ የገባበት ሰዓት። ሁሉንም በገዛ እጄ። ይሄ ራዲዮ ጣቢያ በር ከተገጠመለት ጀምሮ እንደኔ የሚጽፍ ጥበቃ አላየም።

ጻፉ ያለችን ቲቸር ናት። የማታውን ትምህርት ለጨረስነው ደብተር አደለችን። "በየቀኑ ትንሽ ጻፉ፣ አንድ መስመርም ብትሆን። እጅ ይረሳል። ማንም አያየውም፣ እኔም አላየውም" አለች።

ማንም ካላየው ታዲያ... አርባ አንድ አልነበሩም። ሃያ ስድስት ናቸው። ለማን ብዬ ነው የጨመርኩት? ደብተሩ እንዲያደንቀኝ?

ድሮ... ድሮ ስል ያለፈው ዓመት ነው... እንግዳ ሲመጣ "ወንድም፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ እስቲ ራስህ ጻፈው" እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ከኔ ጋር የሚፈራረቀው ጥበቃ፣ ጢሞ የምንለው፣ "ያንተ መነጽር ቤት እንደተቀመጠ ጡረታ ሊወጣ ነው" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የአንዱን መታወቂያ ገልብጬ ይዤ ትኩር ብዬ ሳየው ቆየሁ። "ጋሼ፣ ተዘቅዝቄያለሁ እኮ" አለኝ ሰውየው። "አውቃለሁ፣ ተዘቅዝቀህም አንተ መሆንህን እያጣራሁ ነው" አልኩት። ስቆ ገባ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ጥር 9

ምንም የለም። ሠላሳ ሰው። ይሄኛው እውነት ነው።

ጥር 14

ዛሬ ራዲዮ ላይ ወጣሁ!

የከሰዓቱን ፕሮግራም የሚመራው ጋዜጠኛ፣ በድምፁ የተነሳ ጎርናናው የምንለው፣ እየሮጠ በሩ ድረስ መጣ። እንግዳው ቀርቶበታል። አሥር ደቂቃ ባዶ ቀርታበት ላብ በላብ ሆኗል። እኔ ጋዜጣ ዘርግቼ ነበር።

"ጋሼ፣ ማንበብ ትችላለህ እንዴ?"

"ማንበብ ብቻ? ስህተት ሳገኝ አርሜ ነው የማልፈው።"

"መቼ ተማርክ?"

"አሁን በቅርቡ። በማታው።"

"ስንት ጊዜ ፈጀብህ?"

ሦስት ሳምንት አልኩት። ለምን ሦስት ሳምንት? አላውቅም። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ዱብ አለ። ዓይኑ በራ። እጄን ይዞ ደረጃውን አስወጣኝ።

የስቱዲዮው ወንበር ይሽከረከራል። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ። የራሴን ድምፅ ስሰማው የትልቅ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ልጆች ሲስቁ ይታየኛል። እኔ ደግሞ አንዴ ከተሳቀልኝ ፍሬን የለኝም።

"አስተማሪህ ጎበዝ መሆን አለባት።"

"ጎበዝ ናት። እሷ ጠመኔውን ያዘች፣ ፊደሉን እኔ ያዝኩት።"

"አብረውህ የተማሩትስ?"

"እነሱማ... አንዲት አለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ የምታጥብ። ሁለት ዓመት ሙሉ 'ሀ' ላይ ቆማ አውቶቡስ ትጠብቃለች። በሩጫ አልፌያት ስሄድ 'ቆይ እንጂ፣ ይመጣል' አለችኝ።"

ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ልጅ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። ጎርናናው ሳቁን መዋጥ አቅቶት ሙዚቃ አስገባ።

ልብስ የምታጥበው እታለም ናት። ታላቅ እህቴ። ጽፌ ሳየው ደስ አላለኝም። ግን ስሟን አልጠራሁም... ማን ያውቃታል?

ጥር 15

ሰፈሩ በሙሉ "የሦስት ሳምንቱ!" እያለ ሰላም አለኝ። ባለሱቁ ወጥቶ ጨበጠኝ። ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ ሰላምታዬን በአገጩ ብቻ ይመልስ የነበረው፣ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ጢሞ፦ "ከሁለት ዓመቱ ውስጥ ሦስቷን ሳምንት ብቻ መርጠህ ነው ያወራህላቸው?"

ሚስቴ እንጀራውን አቀረበች። "ሦስት ሳምንት?" አለች። "ታዲያ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ራት ሳቆይ የነበረው ለማን ነው?"

ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው። እዚህ ልጻፈው። ሁለቴ ወድቄ።

ጥር 17

እታለም ጋ ሄድኩ። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ቀና አላለችም። ሳሏ ብሷል።

"ራዲዮ እጥበት ክፍላችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው" አለችኝ። "አታውቅም?"

አላውቅም ነበር።

"ከኛ ክፍል ማታ የምትማር እኔ ብቻ ነኝ። ማሽኑን አጥፍተው ነው የሳቁት። አሁን ስሜ አውቶቡስ ሆኗል። 'አውቶቡስ፣ አንሶላ አምጪ።' 'አውቶቡስ፣ ፌርማታሽ ደረሰ።' አለቃዋም ሳትቀር።"

"እታለም፣ ቀልድ እኮ ነው..."

"ቀልድ መሆኑ መች ጠፋኝ። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆመህ ሆዴን አመመኝ ስትል በክንድህ ጎትቼ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ እንደፈጀብህ እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን አንተን ነው ያመኑት።"

ከእንግዲህ ክፍል አልገባም አለች። ደብተር ይዛ ስትወጣ መንገድ ላይ ካዩዋት ይጮሁባታል፣ ጡሩምባ እየነፉ።

ሐኪሙ ከእንፋሎቱ ራቂ ብሏታል። ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ ተቆጥሮ የሚገባበት ክፍል አለ፣ ደረቅ ነው፣ መስኮት አለው፣ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። እዚያ ለመዛወር ግን የየክፍሉን ስም ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። ፈተናው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ዓመት የተማረችው ለዚያች ወንበር ነው። እሷ የዘገየችው ፈረቃዋ በየወሩ እየተቀያየረ ግማሹ ትምህርት ስለሚያመልጣት ነው። ይሄን ለምን ራዲዮ ላይ አልተናገርኩም?

ስላላሳቀ ነዋ።

ጥር 22

የጎልማሶች ትምህርት ቢሮ ኃላፊ መጣ። እኔው መዘገብኩት። መታወቂያውን ሳነብ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "አንተ ነህ! የኛ ፍሬ!" ይለኛል። ዛሬ ገና ነው ያየሁት።

ከታች ሆኜ አዳመጥኩ። "በእኛ አመራር፣ በአዲሱ ዘዴያችን፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በሦስት ሳምንት ማንበብና መጻፍ ችሏል" አለ። ዘዴ? የምን ዘዴ? ከዚያ ጎርናናው "ይህን ከማንም ቀድመን ያበሰርነው እኛ ነን" አለ። ኃላፊው ደግሞ በዚሁ ፍጥነት በዓመት አሥር ሺህ ሰው ማስተማር እንችላለን አለ። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ይቀርባል።

አንዲት ክፍል ቤት ዋሸሁ። እነሱ ፎቅ ጨመሩበት።

ጥር 27

እታለም ሐሳቧን ቀይራ እንደሆነ ብዬ ማታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። አልመጣችም። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ተማሪዎቹ ከበው ቆመዋል፣ እያንዳንዱ አንድ ቃል እያነበበ ቀጣዩ ላይ ይቆማል። "አንተ አንብበው እንጂ፣ አንተ እኮ የሦስት ሳምንቱ ነህ" አሉኝ።

አነበብኩ። ጮክ ብዬ። የጎልማሶች ትምህርት በአዲሱ ዘዴ በሦስት ሳምንት ይጠናቀቃል። ነባሩ ክፍል የካቲት 20 ይዘጋል። የመማሪያ ክፍሉ ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ማህተም።

ቀና ስል ቲቸር ከኋላ ቆማለች። ጠመኔ የነካው እጇን በሹራቧ እየጠረገች። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ሰበርኩ።

"ጎበዝ" አለችኝ። "አንድም ቃል አልሳትክም።"

ምነው በሰደበችኝ።

የካቲት 2

ጎርናናውን በር ላይ አስቆምኩት። "ውሸት ነው" አልኩት። "ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው የፈጀብኝ። ለአምስት ደቂቃ አስገባኝና ላስተካክል።"

"ጋሼ፣ ቀልድህን ተው።"

"ቀልድ አይደለም።"

አየኝ። ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሲፈልግ ለካ ይችላል። "ስማኝ፣ ያንን ቃለ መጠይቅ ለዓመቱ ሽልማት ልኬዋለሁ። ሰውም ወዶታል። ማን ተጎዳ?"

ማን ተጎዳ አለኝ። እኔም እኮ እንደዚያው ነው ያልኩት... ማን ያውቃታል ብዬ።

የካቲት 5

ቢሮ ድረስ ሄጄ ኃላፊውን ልነግረው አሰብኩ። አላገኘሁትም። ጸሐፊዋ "ኦ! አንተን ራስህን እየፈለግንህ ነበር!" አለችኝ። የካቲት 12 ትልቅ ዝግጅት አለ፣ መድረክ ላይ ወጥቼ ልምዴን እንድናገር። እሺ አልኩ። ሰው በተሰበሰበበት እናገራለሁ። ጋዜጠኛው ሁሉ ባለበት። ከዚያ ወዲያ ማን ይክዳል?

የካቲት 12

ከዝግጅቱ አሁን መግባቴ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አንድ ሰዓሊ ስለራሱ ሥዕል ሃያ ደቂቃ ተናገረ፣ ከሱ በፊት ቀለም ያልነበረ ነው የሚመስለው። ቀጥሎ እኔ። ማይኩን ያዝኩ።

"የፈጀብኝ ሦስት ሳምንት አይደለም" አልኩ። "ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው።"

ሳቁ።

"እውነቴን ነው። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ።"

ባሰባቸው። ከፊት የተቀመጠች ሴት ዓይኗን በመሀረብ ጠረገች። እኔ ፊቴን ባኮሳተርኩ ቁጥር እነሱ ይንከተከታሉ። "'ሀ' ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ፈረሰ። ኃላፊው ተነስቶ አቀፈኝና በማይኩ "ትሕትናውን እዩልኝ! ቀልዱን እዩልኝ!" አለ። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ፎቶ አነሱኝ።

ዕድሜ ልኬን ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳቃቸው በላዬ ላይ እንደፈላ ውሃ ነው የፈሰሰው። እታለም እጥበት ክፍሉ ውስጥ የሰማችው ይሄን ነው እንግዲህ።

የካቲት 13

የምስክር ወረቀቱን አልጋ ሥር ከተትኩት። ሚስቴ አየችኝ።

የካቲት 15

ለጢሞ ሁሉንም አወራሁለት። ምሳውን እያኘከ ሰማኝ።

"አንተን ማን ያምንሃል?" አለ። "አንተ ቤትህ ተቃጠለ ብትል ሰው ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነው ውሃ የሚያመጣልህ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ስንት ዓመት በር ጠበቅክ? ሰው መጥቼ ነበር ሲል በአፉ ታምነዋለህ?"

"መዝገብ ነዋ የማየው።"

ጉርሻውን ዋጠና አየኝ። አንዳንዴ በዚህ ጢም ውስጥ አእምሮ ተደብቋል።

የካቲት 17

ቲቸር ክፍሉን እየጠራረገች አገኘኋት። መጻሕፍቱን በካርቶን አስራለች። የውጤት መዝገቡን አሳይኝ አልኳት።

"የማንንም ውጤት ለማንም አላሳይም። ለዚህ ነው አምናችሁኝ የመጣችሁት። ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ መውደቃችሁን ጎረቤት እንዲያውቅ አትፈልጉም።"

"የራሴን ነው። ጎረቤት እንዲያውቅ ነው የፈለግኩት።"

ካርቶኑን ፈታች። ስሜ አጠገብ፣ የተመዘገብኩ ቀን፣ ፊርማ ቦታ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ። ሰማያዊ። አጥርቼ እንኳን አላሳረፍኩትም፣ ስለፈራሁ ተንሸራቷል። ይሄን አሻራ ሳይ ነው ያለቀስኩት። ሰው በጣቱ ያለቀሰ ይመስላል።

ቲቸር "በል ቅዳው፣ እኔ አልጽፍልህም" አለችኝ። ውጤቱን ቀዳሁ፣ የራሴንም ቃል ጨመርኩበት፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አንብባ ፈረመችበት፣ ማህተም መታችበት።

የካቲት 18

ጠዋት ወረቀቱን የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ ከውጭ በኩል ለጠፍኩት። በዚህ በር የሚገባ ሁሉ እዚያ መስኮት ላይ ሳይቆም አያልፍም፣ ሚኒስትርም ቢሆን።

እንዲህ ይላል፦

"የዚህ በር ጥበቃ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ነው። አንደኛ ፈተና ከሃምሳ አሥራ አንድ፣ ወደቅኩ። ሁለተኛ ፈተና ከሃምሳ አሥራ አራት፣ ወደቅኩ። ሦስተኛ ፈተና ከሃምሳ ሠላሳ አንድ፣ አለፍኩ። ሦስት ሳምንት ያልኩት ውሸት ነው። 'ሀ' ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የቀለድኩባት ሴት ታላቅ እህቴ ናት፣ ክፍል ያስገባችኝ እሷ ናት። ቲቸር ባትታገሰኝ ይሄን አልጽፍም ነበር።"

የመጀመሪያዋ አንባቢ ጠዋት ዜና የምታነበው ልጅ ነች። ፈገግ ብላ ጀመረች፣ መሐል ላይ ፈገግታው ጠፋ። ማህተሙን አየች። መዝገቡ ላይ ፈርማ ሳታናግረኝ ገባች። ከሷ በኋላ ሌላው። ሌላው። አንድም ሰው አልሳቀም። እኔ እዚያች መስኮት ውስጥ ተቀምጬ እያንዳንዱ አንብቦ ቀና ሲል ፊቱን ማየት ነበረብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። መቶ ጊዜ። (መቶ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ።)

ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊው ለሳምንታዊ ፕሮግራሙ መጣ። ጎርናናው ሊቀበለው ወርዶ ነበር። ሁለቱም መስኮቱ ላይ ቆሙ። ኃላፊው አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"ይሄ ምንድነው? ቀልድ ነው?"

"የመምህሯ ማህተም አለበት ጌታዬ።"

"ያን ዕለት መድረኩ ላይ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናግሬ ነበር። እርስዎ አቀፉኝ።"

ጆሮው ቀላ። ጎርናናው ጫማውን ያያል። ከኋላቸው አምስት ሰው ተሰልፏል፣ ሁሉም እያነበበ። መዝገቡን አዞርኩለት። "እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ" አልኩት። ፈረመ።

ዛሬ ፕሮግራሙ ላይ ስለ ሦስት ሳምንት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ስለ ችግኝ ነው ያወራው።

የካቲት 20

ቲቸር በጢሞ ስልክ ደወለችልኝ። የማታው ክፍል በር ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፏል፣ ነባር ተማሪዎች እስከ መጋቢት መጨረሻ ይቀጥላሉ ይላል። አዲስ የሚመዘገቡት ግን እንደተባለው በሦስት ሳምንት ነው።

ስለዚህ ውሸቴ አልሞተም። የማላውቃቸው ሰዎች በኔ ሦስት ሳምንት ውስጥ ተጨናንቀው ሊማሩ ነው። ይሄን ምን አድርጌ እመልሰዋለሁ?

ከአስተዳደር ለእኔም ደብዳቤ መጣ። ያለ ፈቃድ ጽሑፍ በመለጠፍ ማስጠንቀቂያ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የኋላውን በር እጠብቃለሁ፣ የጄኔሬተር ነዳጅ የሚገባበትን። እስከዚያ ወረቀቱን እንዳነሳ።

እታለም ጋ ሰው ላክኩ፣ ክፍሉ እንዳልተዘጋ እንዲነግራት። ራሴ መሄድ አፈርኩ። መልስ አልላከችም።

የካቲት 23

የመጨረሻዬ ቀን በፊተኛው በር። ወረቀቱን ማታ ስወጣ ላነሳው ነበር።

አምስት ሰዓት ገደማ ቀና ስል እታለም መስኮቱ ላይ ቆማለች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እጇ በሳሙና ነጥቶ። ሰላም አላለችኝም። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ አላት፣ ቀስ ያለ። "የ... ዚህ... በር..."

ልረዳት ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ጥርሴን ነከስኩ።

ከኋላዋ ለቃለ መጠይቅ የመጣ ዘፋኝ ደረሰ፣ ጥቁር መነጽር፣ የአንገት ሰንሰለት። "ቀጠሮ አለኝ" አለ። "ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ። ተራዎን ይጠብቁ።"

"የዓመቱ ምርጥ አልበም እኮ..."

"እሷ ስትጨርስ ነው ጌታዬ።"

"ከ... ሃም... ሳ" እዚያ ላይ ቆመች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ያዘችው። ሦስት ሰው ተሰለፈ። አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ትከሻዋ ሽምቅቅ አለ፣ ግን ጣቷን አላነሳችም። ስለ እሷ የጻፍኩት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ፣ ከንፈሯ ብቻ። ሳሏ መጣ፣ አሳለፈችው። ቲቸርን አነበበች። ማህተሙን በጥፍሯ ዳሰሰችው። ከዚያ ነው ያየችኝ።

ጠበቅኩ። ስድብም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን። ይቅርታ ልላት ፈልጌ መዝገቡን ገለጥኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ቀልድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አሥር ይወጣኝ ነበር።

"ሰዓቱ አልተቀየረም?" አለችኝ።

"የምኑ?"

"የትምህርቱ።"

"አልተቀየረም እታለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ወረቀቱን አየች፣ ከላይኛው መስመር አካባቢ።

"አንደኛው ፈተና ላይ አሥራ አንድ ነው ያመጣኸው?"

"አሥራ አንድ።"

"እኔ አሥራ ስምንት ነበር ያመጣሁት።"

"አውቃለሁ። አሥራ ስምንት።"

አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ዞር ብላ ለዘፋኙም ነገረችው።